«እስማማለሁ» ስትሉ በምኑ እንደሆነ ጻፉልን

ለ፦ በኢሜይል ተወያይተው ለሚወስኑ መሥሪያ ቤቶች፣ ድርጅቶች፣ የቦርድና የማኅበር አባላት በሙሉ
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ በኢሜይል ውይይት የሌላውን ጽሑፍ ጠቅሶ ስለ መመለስ

ጤና ይስጥልን። የምጽፍላችሁ የሌሎችን ኢሜይል እያነበብኩ እንጀራ የምበላ ሰው ስለሆንኩ ነው። በምሠራበት ድርጅት መዝገብ ቤቱም ቃለ ጉባኤውም በእኔ እጅ ነው። ሰባት ስምንት ሰው የተመላለሰበትን ጉዳይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንብቤ፣ «እሺ፣ በመጨረሻ ምን ተባለ?» ለሚል ኃላፊ በግማሽ ገጽ የማቀርበው እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አለ፤ በየሰበካ ጉባኤውና በየዕድሩም አለ፤ ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ላለ የኮሚኒቲ ማኅበር ጸሐፊ ሆኖ የተመረጠው ሰውም ይኸው ዕጣ ደርሶታል። ስለዚህ የምናገረው የእኔን ብቻ ብሶት አይመስለኝም።

ነገሩን በቅርብ ላሳይ። ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ፤ ቅርጹ ግን እንዳለ ነው። አንዲት የፕሮግራም ኃላፊ ለባልደረቦቿ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ሦስት ነገር እንድትወስኑልኝ ነው። አንደኛ፣ የሐዋሳው ሥልጠና ወደ ሚያዝያ ይተላለፍ ወይ? ሁለተኛ፣ የአዳራሹን ቅድሚያ ክፍያ አሁን እንክፈል ወይስ ደረሰኝ እስኪመጣ እንጠብቅ? ሦስተኛ፣ አሠልጣኞቹ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይሂዱ ወይስ በመኪና?»

መልሶቹ እንደ አመጣጣቸው እነዚህ ናቸው፦

«እስማማለሁ።»

«እኔም። ግን ሁለተኛው ላይ ቆም ብለን ብናስብ።»

«መኪናው ይሻላል፤ ባይሆንም እንደተባለው።»

«እንደተባለው ይሁን።»

«ከላይ በተሰጠው አስተያየት እስማማለሁ።»

የመጀመሪያው ሰው በምኑ ነው የተስማማው? «ይተላለፍ ወይ?» ለሚለው «እስማማለሁ» መልስ ይሆናል እንበል፤ «በአውሮፕላን ወይስ በመኪና?» ለሚለው ግን በምንም መንገድ አይሆንም። አራተኛው «እንደተባለው» ሲል ገና የተቆረጠ ነገር አልነበረም። አምስተኛው «ከላይ የተሰጠው አስተያየት» ያለውን ብትፈልጉ ከእሱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ነው፤ የቀደሙት መልሶች ሁሉ ከሥሩ ናቸው። በእያንዳንዱ መልስ ሥር ደግሞ የቀደመው ሁሉ ከነፊርማው፣ ከነአርማው፣ «ይህ መልእክት ምስጢራዊ ነው» ከሚለው ረጅም ማስጠንቀቂያው ጋር ተለጥፏል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ፍለጋ በስልክ ያን ሁሉ ወደ ታች መጎተት ነው፤ ያውም በራሳችሁ የኢንተርኔት ጥቅል። ቅድሚያ ክፍያው ተከፈለ። ከሳምንት በኋላ ከመለሱት ሁለቱ «እኛ እኮ እንጠብቅ ነው ያልነው» አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ የከፈለችውም እውነቷን ነበር።

ከመለሱት አንዱ እንዲህ አድርጎ ቢሆን ኖሮስ?

> የአዳራሹን ቅድሚያ ክፍያ አሁን እንክፈል ወይስ ደረሰኝ እስኪመጣ እንጠብቅ?

እንጠብቅ። ያለ ደረሰኝ ከከፈልን ሒሳብ ክፍል አያወራርድልንም።

አለቀ። ይህን የሚያነብ ሰው ሌላ ምንም መክፈት አይጠበቅበትም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ኦዲተር ቢመጣም ያው ነው።

የሚገርመው እኛ ይህን ከድሮም እናውቀዋለን። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አንብቦ የሚያውቅ ሁሉ አጀማመሩን በቃሉ ይዞታል፦ «በቁጥር እንዲህ፣ በቀን እንዲህ በተጻፈ ደብዳቤ … እንዲደረግላችሁ መጠየቃችሁ ይታወሳል።» ብዙ ሰው የቢሮክራሲ ድርቅና ነው እያለ ይስቅበታል። እኔ አልስቅም። በዚያች አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚመለስለት ደብዳቤ በቁጥሩና በቀኑ ተለይቷል። ፍሬ ነገሩ በመላሹ አንደበት ተጨምቋል፤ ጠያቂው «ልክ ነው፣ ገብቷቸዋል» ወይም «ኧረ እንዲህ አላልኩም» የሚልበትም ቦታ አግኝቷል። የመጣለትን ደብዳቤ ሙሉውን እንደገና ገልብጦ ከመልሱ ሥር የሚሰፋ ጸሐፊ አይቼ አላውቅም፤ ዋናው ፋይል ውስጥ ስላለ ቁጥሩ ይበቃል። «ጉዳዩ፦» ከሚለው ቀጥሎ አንድ ነገር ይጻፋል፤ ሌላ ጉዳይ ካለ ሌላ ደብዳቤ ወጪ ይሆናል። ግልባጭ የሚደርሰው ክፍል ስሙ ከታች ይዘረዘርና «እንዲያውቁት» ይባላል፤ ደብዳቤው ሲደርሰው ያውቃል፣ አይመልስም። አለቃውም በኅዳጉ ላይ ሲመራ «ለአቶ እገሌ፣ አይተው አስተያየትዎን ያቅርቡ» ብሎ ስም ይጠራል፣ የሚፈልገውን ይናገራል፣ ይፈርማል፣ ቀን ይጥልበታል። ማን ምን እንዲያደርግ እንደተጠየቀ አያጠራጥርም። ኢሜይል ሲመጣ ይህን ሁሉ ከወረቀቱ ጋር አብረን ጣልነው።

ጽሑፍን ከፋፍሎ ከየሥሩ መመለስም ቢሆን እንግዳ ነገር አይደለም። የአንድምታ መጽሐፍ የከፈተ ሰው ያውቀዋል፦ ጥቂት የግእዝ ንባብ ይቀድማል፣ የአማርኛ ትርጓሜው ይከተላል፣ ከዚያ ቀጣዩ ንባብ ይመጣል። ትርጓሜው የየትኛው ንባብ እንደሆነ ተማሪው አይጠፋውም።

ኢሜይልን የሠሩት ሰዎችም ሥርዓት አልባ አልነበሩም። ሬይ ቶምሊንሰን በ1971 እ.ኤ.አ. የኢንተርኔት ቀዳሚ በነበረው በአርፓኔት ላይ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የመጀመሪያውን ኢሜይል ከላከ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1982፣ የመልእክትን ቅርጽ የሚደነግግ አርኤፍሲ 822 የሚባል ሰነድ ወጣ። ሰነዱ መልእክቱ የራሱን መለያ እንዲይዝ፣ መልስ ሲሆን ደግሞ የየትኛው መልእክት መልስ እንደሆነ የሚናገር መስመር እንዲኖረው ቦታ አዘጋጅቷል። የእኛው «በቁጥር … በተጻፈ» ማለት ነው፤ ልዩነቱ የሚያነበው ማሽን መሆኑ ነው። ፕሮግራሞች የተመላለሰውን ሁሉ በአንድ ክር የሚደረድሩት በዋናነት በዚያ ተመርተው ነው። በኦክቶበር 1995 ደግሞ የኢንቴል ባልደረባ የነበረችው ሳሊ ሐምብሪጅ ያዘጋጀችው አርኤፍሲ 1855 የተባለው የሥነ ምግባር መመሪያ ወጣ። መልስ የሚጽፍ ሰው የመጀመሪያውን ጽሑፍ ከላይ ባጭሩ ይግለጽ፣ አለዚያም ነገሩን ለመረዳት የሚበቃውን ያህል ብቻ ይጥቀስ ይላል፤ ፊርማም ከአራት መስመር እንዳይበልጥ ይመክራል። አራት መስመር! ዛሬ የድርጅቱን አርማ፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ምልክቶችን፣ የዓመት በዓል ባነሩን ስንጨምርበት ፊርማችን ከደብዳቤያችን ይረዝማል።

ያን ጊዜ መቆጠብ ግድ ነበር። በአገራችን የኢንተርኔት አገልግሎት በ1997 እ.ኤ.አ. በቴሌ በኩል መሰጠት ሳይጀምር፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስኔት ኢሜይል የሚያመላልሰው በስልክ መስመር እየደወለ ነበር። በዓለም አቀፍ የስልክ ታሪፍ የሌላውን ደብዳቤ ሙሉውን መልሶ የሚልክ ሰው ገንዘብ የተረፈው መሆን አለበት።

ልማዱን የቀየረው ስንፍና ብቻ ነው ብዬ ማንንም አልወቅስም። አውትሉክ «ሪፕላይ» ሲሉት ጠቋሚውን ከላይ ያስቀምጥና የቀደመውን ሁሉ ከሥር ይጎትታል፤ ሰው ጠቋሚው ባለበት ይጽፋል። ጂሜይል በኤፕሪል 2004 ሲመጣ ደግሞ የተመላለሰውን በአንድ ክር ሰበሰበው፣ የሚደገመውንም ጽሑፍ ከዓይን ሰወረው። ለአንባቢ ዓይን እረፍት ነው። ጸሐፊው ግን ከመልሱ ሥር ምን ይዞ እንደሚሄድ አያይም፤ የማያየውን ደግሞ አይቆርጥም።

የሊኑክስ ከርነል (የኮምፒውተር ሥርዓቱ እምብርት) አልሚዎች እስከ ዛሬ በአሮጌው ሥርዓት ጸንተዋል፤ በጥሬ ጽሑፍ፣ የሚመልሱለትን መስመር ብቻ አስቀርተው፣ መልሳቸውን ከሥሩ ይጽፋሉ። መልሱን ከላይ የሚለጥፍ አዲስ መጤ ይገሠጻል። እኔ ያን ያህል አክራሪ አይደለሁም። ለአንድ ሰው «ደርሶኛል፣ ከሰዓት በኋላ እልካለሁ» ለማለት ማንም ምንም መጥቀስ የለበትም፤ በስልክ የሚመልስ ሰውም ጣቱ የቻለውን ያድርግ። ከላይም ጻፉ ከታችም ጻፉ፣ የምትመልሱለትን አሳዩን፤ የማትመልሱለትን ቁረጡልን። ልመናዬ ከሦስት ሰው በላይ ስለሚወያይበት፣ ውሳኔም ስለሚጠበቅበት ኢሜይል ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንቅፋት ልምጣ፤ የኮምፒውተር ጉዳይ አይደለም። ይህን በተናገርኩ ቁጥር ወጣት ባልደረቦቼ የሚመልሱልኝ አንድ ነው፦ «እንዴ! የዳይሬክተሩን ጽሑፍ እኔ እንዴት ቆራርጬ እመልሳለሁ?» አልፈርድባቸውም። ታላቅ ሲናገር ጣልቃ አይገባም ተብለን ነው ያደግነው። የእሳቸውን አራት አንቀጽ በትኖ ከእያንዳንዱ ሥር አንዳንድ መስመር ማስገባት ጣልቃ መግባት ይመስላል፤ ሲብስም የችሎት መስቀለኛ ጥያቄ ይመስላል። ስለዚህ ልጁ «ጤና ይስጥልኝ የተከበሩ አቶ እገሌ፣ ኢሜይልዎ ደርሶኛል፣ ባነሱት ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ» ብሎ ሦስቱንም ጥያቄ በክብር ያልፋቸዋል። አክብሮቱ ደርሷል። መልሱ ቀርቷል። ዳይሬክተሩ በማግሥቱ ስልክ ደውለው ያንኑ ጥያቄ እንደገና ይጠይቃሉ።

ማስታረቂያው ሩቅ አይደለም። ሰላምታው ይቅደም፤ እኛ አገር ያለ ሰላምታ የተጀመረ ደብዳቤ ቁጣ ነው የሚመስለው፣ እሱን ማንም እንዲተው አልጠይቅም። ከሰላምታው ቀጥሎ አንዲት የማስፈቀጃ መስመር ትግባ፦ «ለጠየቁኝ ሦስት ነጥቦች መልሴን ከየጥያቄዎ ሥር አስቀምጫለሁ።» ከዚያ በኋላ ያለው መከፋፈል ድፍረት መሆኑ ይቀርና ትጋት ይሆናል። እሱም ከከበደ እንደ ወረቀቱ ደብዳቤ በራስ አንደበት መልሶ መናገር ይቻላል፦ «ስለ ቅድሚያ ክፍያው ለጠየቁኝ፣ ደረሰኙ እስኪመጣ ብንጠብቅ ይሻላል እላለሁ።» እዚህ ውስጥ የተቆረጠ የአለቃ ቃል የለም፤ ጥያቄውም መልሱም ግን አለ። ኃላፊዎችም እባካችሁ አንድ ቀን በስብሰባ ላይ «የጻፍኩትን እየከፈላችሁ መልሱልኝ፣ አልቀየምም» በሉ። እናንተ ካላላችሁት ማንም አይጀምረውም።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ብዙ ሰው በሚያነበው ኢሜይል ላይ «አንተ እንዳልከው» ብቻ ብሎ መጻፍ ይቅር። አምስት ወንድ አለበት፤ የትኛው «አንተ»? ስም ጥሩ። ሻይ ቤት «አንተ» የምትሉትን ጓደኛችሁንም ውጭ ያሉ ሰዎች በሚያነቡት ውይይት «እርስዎ» ብትሉት ምንም አይጎድልባችሁም።

መቁረጥ ስል ማጣመም ማለቴ እንዳይመስላችሁ። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ነው የሚያደርገው፤ ቅድመ ሁኔታው፣ «ካልሆነ በቀር»ው፣ «እስከዚያ ድረስ»ው ሁሉ ቀድሞ ይመጣል። ጅራቱን ብቻ ቆርጦ መጥቀስ እንግዲህ በጣም ይቀላል። አንድ የቦርድ አባል «ኦዲቱ አልቆ ሪፖርቱ ለቦርዱ ከቀረበ በኋላ ከሆነ የቤት ኪራይ ውሉ እንዲታደስ እስማማለሁ» ብለው ይጽፋሉ። በማግሥቱ ሌላው «እሳቸውም ‹የቤት ኪራይ ውሉ እንዲታደስ እስማማለሁ› ብለዋል» ብሎ ይጠቅሳቸዋል። አንድ ፊደል አልለወጠም፤ ዋሽቷል ግን። ዓረፍተ ነገር ከጠቀሳችሁ ከመነሻው እስከ አራት ነጥቡ ጥቀሱ። በመካከል የምትተዉት ካለ ነጥብ ነጥብ አድርጋችሁ መዝለላችሁን አሳዩ። የፊደል ግድፈቱንም አታርሙለት፤ የእሱ ጽሑፍ ነው።

የቀለም ነገርም አለ። «መልሴን በቀይ ጽፌልሃለሁ» የሚባለው ልማድ በየቢሮው ተስፋፍቷል፤ ሰው በሌላው ጽሑፍ መሀል ገብቶ ሐሳቡን በቀይ ይጨምራል፣ ቀጣዩ በሰማያዊ፣ ሌላው በአረንጓዴ። እኔ ለፋይል የማትመው በጥቁርና ነጭ ማተሚያ ነው። ከማተሚያው የሚወጣው ወረቀት ላይ አንድ ሰው በየመስመሩ ራሱን ሲቃወም ይታያል። ቀለሙን ከወደዳችሁት ተጠቀሙበት፤ ከፊቱ ግን ስማችሁን ወይም የስማችሁን የመጀመሪያ ፊደል አኑሩበት፤ የሌላውንም መስመር ከፊቱ በምትቀመጠው በዚያች በቀስት ምልክት (>) ለዩት።

ከሥር ተጎትቶ የሚሄደው ጅራት ደግሞ ገንዘብ ያስከፍላል። አንድ የማውቀው መሥሪያ ቤት ጄኔሬተር ለመግዛት ከአቅራቢ ጋር ዋጋ ይደራደር ነበር። የግዢ ኮሚቴው እርስ በርሱ ሲጻጻፍ «ከጠነከሩብን እስከዚህ ድረስ እንሄዳለን» ብሎ ጣሪያውን በቁጥር አስቀምጧል። ከኮሚቴው አንዱ በዚያው ክር ላይ አቅራቢውን ጨምሮ «እባክዎን የመጨረሻ ዋጋዎን ይላኩልን» አለ። የመጨረሻው ዋጋ ከጣሪያው በጥቂት ሺህ ብር ብቻ ዝቅ ብሎ መጣ። አቅራቢው ጨዋ ሰው ስለነበር ስላነበበው ነገር አንድም ቃል አልተነፈሰም። ለውጭ ሰው ሲጻፍ በአዲስ ኢሜይል ይጀመር፤ ፎርዋርድ የሚደረግም ከሆነ እስከ መጨረሻው ወርዶ ማየት የላኪው ግዴታ ነው። አንድ ሰው ለእናንተ ብቻ የጻፈውን ለሌላ ከማስተላለፋችሁ በፊት ደግሞ ጠይቁት። በአካል የነገራችሁን ሳታስፈቅዱት አደባባይ አታወጡበትም አይደል?

ከገንዘብ የከፋም አለ። በሴፕቴምበር 2021 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ መከላከያ ሚኒስቴር፣ ታሊባን ሥልጣን ከያዘ በኋላ ከአገር ለመውጣት ለሚጠባበቁ አፍጋናውያን አንድ ኢሜይል ላከ። አድራሻዎቹ በቢሲሲ (ተቀባዮች በማይተያዩበት መስመር) መሰወር ሲገባቸው 245 ሰዎች እርስ በርስ እንዲተያዩ ሆኖ ወጣ። ሁለቱ ለሁሉም መለሱ፤ ከሁለቱ አንዱ ያለበትን ቦታ ጽፎ ነበር። የአገሪቱ የመረጃ ኮሚሽነር በዲሴምበር 2023 ሚኒስቴሩን 350,000 ፓውንድ ቀጣ። እኛም የግል መረጃ ጥበቃን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን። የሥራ አመልካቾችን፣ የታካሚዎችን ወይም የተረጂዎችን አድራሻ ሁሉም በሚያየው በ«ሲሲ» ደርድሮ ማስታወቂያ የሚልክ ክፍል ካለ ዛሬውኑ ያቁም።

ስለ «ሪፕላይ ኦል» (ለሁሉም መመለስ) ከሚነገሩት ትልልቅ ታሪኮች አንዱም ከዚያው አገር ነው። በኖቬምበር 2016 በብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት አንድ የሙከራ ኢሜይል በስህተት ወደ 840,000 ያህል ሠራተኞች ሄደ። የደረሳቸው ሰዎች «እኔን ከዝርዝሩ አውጡኝ»፣ «እባካችሁ ለሁሉም አትመልሱ» እያሉ ለሁሉም ሲመልሱ፣ በ75 ደቂቃ ውስጥ 500 ሚሊዮን ያህል መልእክት ተመላልሶ ሥርዓቱ ተንገዳገደ።

እኛ ያን ያህል ሠራተኛ የለንም፤ ለቅሶ ግን አለን። የአንድ ባልደረባ እናት ያርፋሉ፤ የሰው ኃይል አስተዳደር ለሠራተኛው ሁሉ ያሳውቃል። ከዚያ ይጀመራል፦ «ነፍስ ይማር»፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ»፣ «መጽናናቱን ይስጥልን»፣ እያንዳንዱ ለሁሉም፣ እያንዳንዱ ከሥሩ የቀደመውን ሁሉ ጎትቶ። ሐዘንተኛው ከሳምንት በኋላ ቢሮ ሲገባ ያን ሁሉ ከፍቶ የቅርብ ጓደኛው የጻፈለትን ከማያውቃቸው ሰዎች መሀል ይለቅማል። አንድ ጊዜ ያየሁትን ልንገራችሁ፦ አንድ ኃላፊ ለሁሉም ሠራተኛ ስለ ስብሰባ ማሳወቅ ፈለጉ፤ አድራሻውን ሁሉ ባንድ ቦታ ያገኙት በለቅሶው ኢሜይል ላይ ነበርና እሱኑ «ሪፕላይ ኦል» ብለው የስብሰባውን አጀንዳ ላኩ። አጀንዳው፣ የአጀንዳው ማሻሻያ፣ የሻይ ቡናው ጉዳይ ሁሉ ለሁለት ሳምንት «ሪ፦ የሐዘን መግለጫ» በሚል ርዕስ ሲመላለስ ሰነበተ። እኔ እስከ ዛሬ ያንን ቃለ ጉባኤ የምፈልገው ከሟች ስም ጋር ነው። ርዕሱን በእጅ ብትቀይሩትም አንዳንድ ፕሮግራም ያንን የተሰወረ መለያ እያየ ከአሮጌው ጋር ይደረድረዋል። አዲስ ጉዳይ በባዶ ኢሜይል ይጀመር፤ ወጪው ጥቂት ሰከንድ ነው።

ማጽናኛውም ለሐዘንተኛው ብቻ ይላክ። «አላጽናናኝም» እንዳይባል ፈርቶ ለሁሉም የሚመልስ ካለ፣ ከዚያ ወቀሳ የሚያድነው ለቅሶ መድረስ ነው።

ስለ ቀንና ሰዓት ባጭሩ። «ነገ 3 ሰዓት እንገናኝ» የምትል መስመር በሦስተኛው ቀን ተጠቅሳ ስትመጣ «ነገ» የቱ ነው? ዱባይ ያለው አባል 3 ሰዓትን እንደ እሱ ሰዓት ከሰዓት በኋላ አድርጎ ያነበዋል፤ ኢሜይሉ ራሱ ከጥቅሱ በላይ የሚያስቀምጠው ሰዓት ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። «5/1/2017» አዲስ አበባ ላለ ጸሐፊ መስከረም 5 ነው፤ አሜሪካ ላለው ሜይ 1 ነው፤ ያውም ድሮ ያለፈ ሜይ። የወሩን ስም በፊደል ጻፉ፣ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ጨምሩ፣ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት በአዲስ አበባ» በሉ። ስትጠቅሱም «ነገ» የሚለውን እንዳለ ትታችሁ ከጎኑ በቅንፍ ቀኑን ጻፉበት።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው ነው። የአይቲ ክፍሎች፣ «ለሁሉም ሠራተኛ» በሚለው የቡድን አድራሻ ማን መጻፍ እንደሚችል ገድቡ፤ በጂሜይልም በአውትሉክም ለሚሠሩ ድርጅቶች ይህን ማድረግ ይቻላል፣ ከአስተዳዳሪው የሚጠበቀው አንድ ቅንብር መቀየር ነው። «ሪፕላይ ኦል» ቀድሞ እንዲመጣ የተቀናበረበት ሠራተኛም ካለ እንዲቀይረው አሳዩት። ፊርማን አሳጥሩ፤ አርማው ሥዕል ሆኖ በእያንዳንዱ መልስ ላይ አይደገም። የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ የደብዳቤ አጻጻፍ መመሪያችሁ ውስጥ ስለ ኅዳግ ስፋት የተጻፈ አለ፤ ስለ ኢሜይል መልስ ግማሽ ገጽ ጨምሩበት። ውይይቱን የከፈተው ሰውም ሐሳብ ሁሉ ከተሰበሰበ በኋላ «የተወሰነው እንዲህ ነው፣ የሚቃወም እስከ አርብ ይጻፍ» ብሎ እንዲዘጋ አድርጉ። ያ አንድ መልእክት ካለ የእኔ ሥራ በግማሽ ይቀንሳል፣ አልዋሽም።

ለዚህ ደብዳቤ የምትመልሱልኝ ካላችሁ፣ የምትቃወሙትን አንቀጽ ብቻ ጠቅሳችሁ ጻፉልኝ።

ከሠላምታ ጋር
አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለአይቲ ክፍላችን (እንዲያውቁትና እንዲያስፈጽሙት)